የጭነት ዋጋ ሲነገረን ምን ብለን እንጠይቅ?

በሐርጌሳ ከተማ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የሚተዳደሩት በእጃቸው ሥራ ነው። ልብስ የሚሰፉ፣ ፀጉር የሚሠሩ፣ እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ፣ ሻይ ቤት የከፈቱ አሉ። ሥራው ትንሽ ፈቀቅ ማለት ሲጀምር ሁሉም የሚያነሳው አንድ ጥያቄ አለ፤ ዕቃውን ከከተማው ገበያ በችርቻሮ ከመግዛት ከምንጩ ማስመጣት አይሻልም ወይ? የሚል ነው። ጨርቁም፣ የስፌት መኪናውም፣ የፀጉር ማድረቂያውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዱባይ ወይም ከዚያ ማዶ ካለው ከቻይና ነው። በመሆኑም ጥቂት ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው፣ ወይም የዕቁባቸውን ዕጣ ጠብቀው፣ አንድ የጭነት ድርጅት ዘንድ ይሄዱና “ስንት ታስከፍላላችሁ?” ብለው ይጠይቃሉ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ድርጅት በሜትር ኪዩብ 70 ዶላር ይላል። ሁለተኛው 110 ይላል። ሦስተኛው 210 ይላል። ሰው ሁሉ ወደ 70 ዶላሩ ይሮጣል። ዕቃው በርበራ ከደረሰ በኋላ ግን ያልተነገረ ክፍያ ይከተላል፤ የወደብ፣ የሰነድ፣ የመጋዘን፣ የትራንዚተር፣ የመኪና እየተባለ ይደመራል። ገንዘቡ ካለቀ ደግሞ ዕቃው ወደብ ላይ ይቀመጣል፤ በተቀመጠ ቁጥርም ይከፈልበታል።

የአገሩ ተወላጅ የሆነ ነጋዴ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ዘመድ አለው፤ ራሱ በርበራ ወርዶ ይከራከራል፤ ከነጋዴ ጓደኛው ይበደራል። ስደተኛው ግን ብዙ ጊዜ ወደብ ወርዶ መከራከር አይመቸውም፤ ድንበር ተሻግሮ ዕቃውን ማየትም ለብዙዎቻችን የማይቻል ነው። ስለዚህ ዓይናችንም ጠበቃችንም ወረቀቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጭነት ዋጋ ማቅረቢያ ወይም በተለምዶ ፕሮፎርማ የምንለው ወረቀት እንዴት እንደሚነበብና አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚወዳደር እናብራራለን። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አጭር ነው፤ የሚወዳደረው የሜትር ኪዩቡ ዋጋ ሳይሆን ዕቃው እደጃችን እስኪደርስ የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው።

ዕቃው የሚያልፍበት መንገድ

ክፍያዎቹን ለመረዳት አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ይጠቅማል። ከዱባይ ወደ ሐርጌሳ በባሕር የሚመጣ ዕቃ አምስት እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ከሻጩ ሱቅ ተነስቶ ወደ ጭነት ድርጅቱ መጋዘን ይገባል። ሁለተኛ እዚያው አገር የመውጫ ሰነድ ተሠርቶለት ወደብ ይገባል። ሦስተኛ በመርከብ ወይም በእንጨት ጀልባ ተጭኖ ባሕሩን ያቋርጣል። አራተኛ በርበራ ሲደርስ ይራገፋል፣ ይቀመጣል፣ የጉምሩክ ሥርዓት ይፈጸምለታል። አምስተኛ በጭነት መኪና 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐርጌሳ ይገባል።

እያንዳንዱ እጅ ዋጋ አለው። “በሜትር ኪዩብ 70 ዶላር” የተባለው ብዙ ጊዜ የሦስተኛውን፣ ማለት የባሕሩን ጉዞ ብቻ የሚመለከት ነው። የቀሩት አራቱ አልተነገሩም ማለት ነፃ ናቸው ማለት አይደለም።

የበርበራ ወደብ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚተዳደረው ዲፒ ወርልድ በተባለው የዱባይ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 አዲስ የኮንቴይነር ማራገፊያ ተመርቋል። ይህም ቀድሞ በአብዛኛው በእንጨት ጀልባና በአነስተኛ መርከብ ይመጣ ለነበረው ዕቃ የኮንቴይነር አማራጭ አስፍቶለታል። አማራጭ ሲበዛ ጥቅሙ ለተጠቃሚው ነው፤ ማወዳደር ለሚችል ተጠቃሚ ማለታችን ነው።

ክብደት ነው ወይስ ስፋት?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ይህ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። የጭነት ድርጅት የሚያስከፍለው በክብደት ብቻ አይደለም። አንድ ከረጢት ጥጥና አንድ ከረጢት ምስማር እኩል ቦታ ይይዛሉ፤ ክብደታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ድርጅቱ ሁለቱንም ይለካና ለእርሱ የሚበልጥለትን ይይዛል።

በባሕር የጋራ ኮንቴይነር ሲጫን የተለመደው ደንብ 1 ሜትር ኪዩብ እንደ 1 ቶን፣ ማለት እንደ 1,000 ኪሎ መቁጠር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ይነጻጸሩና በትልቁ ይከፈላል። በአውሮፕላን ሲሆን የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር “የስፋት ክብደት” ይባላል። ይህ ከሚዛኑ ኪሎ ከበለጠ ክፍያው በእርሱ ይሆናል፤ ካነሰ በሚዛኑ ኪሎ ይሆናል። እደጅ ድረስ የሚያደርሱ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያካፍሉት ለ5,000 ስለሆነ የስፋት ክብደቱ ከፍ ይልባቸዋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኅብረት የሚሠሩ ስድስት ልብስ ሰፊዎች 4 የስፌት መኪናና 10 ቦንዳ ጨርቅ ከዱባይ ሊያስመጡ አሰቡ እንበል። ዕቃቸው እንዲህ ይለካል፦

– 4 የመኪና ካርቶን፣ እያንዳንዱ 70 በ30 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ 40 ኪሎ፤ በድምሩ 0.504 ሜትር ኪዩብና 160 ኪሎ።
– 4 የመኪና ጠረጴዛ፣ እያንዳንዱ 120 በ60 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ 30 ኪሎ፤ በድምሩ 0.576 ሜትር ኪዩብና 120 ኪሎ።
– 10 ቦንዳ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ 100 በ50 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ 60 ኪሎ፤ በድምሩ 2.00 ሜትር ኪዩብና 600 ኪሎ።

ጠቅላላው 18 ጥቅል፣ 3.08 ሜትር ኪዩብ፣ 880 ኪሎ ነው። በባሕር ሲጫን 3.08 ሜትር ኪዩብ ከ0.88 ቶን ስለሚበልጥ የሚከፈለው በ3.08 ነው። በአውሮፕላን ሲጫን ግን ስፋቱ ለ6,000 ተካፍሎ 513 ኪሎ ግድም ይሆናል፤ የሚዛኑ 880 ስለሚበልጥ የሚከፈለው በ880 ኪሎ ነው። አንዱ ዕቃ በባሕር በስፋቱ፣ በአየር በክብደቱ ተከፈለበት ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ሻጩ የእያንዳንዱን ጥቅል ልክና ኪሎ ጽፎ እንዲልክልን እናድርግ። ይህ ዝርዝር ፓኪንግ ሊስት ይባላል። ያለዚህ ዝርዝር የሚነገር ዋጋ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ መጋዘን ላይ ሲለካ ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ሻጩ ጠረጴዛውን ሳይፈታ በቁሙ ካሸገው ስፋቱ እጥፍ ድርብ ሊሆን ይችላል። “ፈታታችሁ አሽጉልን” ማለት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ የምታተርፈው ግን ብዙ ነው።

ሦስት ፕሮፎርማዎች ጎን ለጎን

አሁን ስድስቱ ልብስ ሰፊዎች ሦስት ድርጅቶችን ጠየቁ እንበል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት እኛ ያስቀመጥናቸው እንጂ የገበያው ዋጋ አለመሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የመጀመሪያው ድርጅት በሜትር ኪዩብ 70 ዶላር ብሎ ጻፈ። ሌላ ነገር አልጻፈም። ሴቶቹ ግን አንድ በአንድ ሲጠይቁት የሚከተለው ተገኘ፦

የባሕር ጉዞ (3.08 በ70) – 215.60
ከሻጩ ሱቅ ማንሻ – 60.00
የመነሻ ሰነድ – 45.00
የበርበራ ወደብና ማራገፊያ (3.08 በ40) – 123.20
የመድረሻ ሰነድ – 75.00
ትራንዚተር – 90.00
መኪና ከበርበራ ሐርጌሳ – 130.00
ድምር – 738.80 ዶላር

ሁለተኛው በሜትር ኪዩብ 110 ዶላር አለ። በዚህ ውስጥ ከሻጩ ሱቅ ማንሳቱ፣ የባሕሩ ጉዞ፣ የበርበራ ወደብና የመድረሻ ሰነድ ተጠቃለዋል፦

እስከ በርበራ (3.08 በ110) – 338.80
የመነሻ ሰነድ – 45.00
ትራንዚተር – 90.00
መኪና ከበርበራ ሐርጌሳ – 130.00
ድምር – 603.80 ዶላር

ሦስተኛው በሜትር ኪዩብ 210 ዶላር ጠየቀ። ከሻጩ ሱቅ እስከ ሐርጌሳ መጋዘን ድረስ ሁሉንም እችላለሁ፤ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ የእናንተ ነው አለ፦

ጠቅላላ (3.08 በ210) – 646.80 ዶላር

ቀረጡ በሦስቱም ላይ ያው ስለሆነ ከውድድሩ አውጥተነዋል፤ ከበጀት ግን አይወጣም። እንግዲህ ውጤቱን እንመልከት። በመጀመሪያ እይታ ከሁሉም ርካሽ የመሰለው ከሁሉም ውድ ሆነ። ከሁሉም ውድ የመሰለው መካከለኛ ሆነ። 70 ዶላር የሚለው ቁጥር ውሸት አልነበረም፤ ጎዶሎ ነበር እንጂ።

አሁን ምርጫው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ልዩነታቸው 43 ዶላር ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው በርበራ ላይ ትራንዚተር ራሱ ፈልጎ ይቀጥራል፣ መኪናም ራሱ ይከራያል። በርበራ የሚያምነው ሰው ካለው 43 ዶላሩ ይተርፈዋል። ሰው ከሌለው ግን ሌላ ስሌት አለ፤ እርሱም የቀን ስሌት ነው።

ቀን ገንዘብ ነው

ወደብ የደረሰ ዕቃ ያለ ክፍያ የሚቆየው ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። እነዚህ “ነፃ ቀናት” ይባላሉ። ቀኑ ሲያልፍ የመጋዘን ኪራይ ይጀምራል። ኮንቴይነሩን ሙሉ በሙሉ የተከራየ ሰው ደግሞ ሁለት ዓይነት ቅጣት ያገኘዋል፤ አንደኛው ዕቃውን ከወደብ ሳያወጣ ለቆየበት፣ ሁለተኛው ባዶውን ኮንቴይነር ሳይመልስ ለቆየበት ነው። ነጋዴዎች በጥቅሉ ዲመሬጅ የሚሉት ይህንኑ ነው።

በምሳሌያችን የመጋዘኑ ኪራይ በሜትር ኪዩብ በቀን 5 ዶላር ነው እንበል። ሁለተኛውን ድርጅት የመረጡት ሴቶች ሰነድ ዘግይቶባቸው ከነፃው ቀን በላይ 10 ቀን ቢቆዩ 3.08 በ5 በ10፣ ማለት 154 ዶላር ይጨመርባቸዋል። 603.80 የነበረው 757.80 ይሆናል። የ43 ዶላሩ ቁጠባ እዚህ ላይ ጠፋ። ስለዚህ ፕሮፎርማ ስንቀበል ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ነፃው ቀን ስንት ነው? ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል? መርከቡ ከገባበት ቀን ነው ወይስ ዕቃው ከተራገፈበት?

ሰነድ የሚዘገይበትም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። በኢንቮይሱ ላይ ያለው የጥቅል ቁጥር ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር አይገጥምም፤ ወይም የተቀባዩ ስም በአንዱ ወረቀት እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ተጽፏል። ሻጩ ዕቃውን ከመልቀቁ በፊት የወረቀቶቹን ፎቶ በስልክ እንዲልክ አድርጎ ፊደል በፊደል ማመሳከር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ዕቃው በማን ስም ይመጣል?

ለእኛ ከዋጋው ያላነሰ ጥያቄ ይህ ነው። የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ በተለምዶ ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው፣ የላኪውንና የተቀባዩን ስም ይይዛል። ወደብ ላይ ዕቃውን የመረከብ መብት ያለው በዚህ ሰነድ ላይ ስሙ የሠፈረው ተቀባይ ነው። ገንዘቡን ማን እንዳዋጣ ወደቡ አይጠይቅም።

የስደተኛ መታወቂያ የንግድ ፈቃድ አይደለም። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ወገኖች ፈቃድ ባለው የአገሩ ነጋዴ ስም ዕቃ ያስመጣሉ። ይህ በመተማመን የሚሠራ ነገር ነው፤ መተማመኑም ብዙ ጊዜ በጎ ነው። ይሁን እንጂ መተማመን ወረቀት አያስቀርም። ዕቃው የማን እንደሆነ፣ ገንዘቡን ማን እንደከፈለ፣ ለነጋዴው ስንት እንደሚሰጠው፣ ዕቃው ሲመጣ በስንት ቀን እንደሚያስረክብ በሁለት ምስክር ፊት ተጽፎ ይፈረም። በሁለቱም ወገን ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። የከፈላችሁበትን የሐዋላ ወይም የስልክ ገንዘብ ደረሰኝ አትጣሉ። እንዲህ ያለው ውል ለነጋዴውም መጠበቂያው ነው፤ ነገ ነገር ቢበላሽ እርሱም የሚያሳየው ነገር አለው።

የጋራ ኮንቴይነር በሚሆንበት ጊዜ ብዙ ሰነድ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የመርከቡ ድርጅት ለጭነት አስተላላፊው አንድ ሰነድ ይሰጣል፤ አስተላላፊው ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለ ዕቃ የየራሱን ይሰጣል። አስተላላፊው ለመርከቡ ድርጅት ያልከፈለው ዕዳ ካለ የእናንተ ክፍያ ቢጠናቀቅም ኮንቴይነሩ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ የአስተላላፊው መልካም ስም የዋጋው አንድ ክፍል ነው። ከዚህ ቀደም በእርሱ በኩል ያስመጡ ሁለትና ሦስት ሰዎችን መጠየቅ ነውር የለበትም።

የሻጩ ዋጋ እስከ የት ነው?

አንዳንድ ጊዜ ማጓጓዣውን የሚያዘጋጀው ሻጩ ራሱ ነው። በዚህ ጊዜ በኢንቮይሱ ላይ ሦስት ፊደል ያላቸው ምልክቶች ይጻፋሉ። እነዚህ ምልክቶች ፓሪስ የሚገኘው የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ እያሻሻለ የሚያወጣቸው ደንቦች ናቸው። የ2020 እትም የሚባለው 11 ደንቦችን ይዟል። ለእኛ የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸው፦

ኢ.ኤክስ.ደብሊው – ሻጩ ዕቃውን ከመጋዘኑ በር ላይ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የገዢው ነው።
ኤፍ.ኦ.ቢ. – ሻጩ በራሱ አገር ወደብ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ይችላል።
ሲ.ኤፍ.አር. – ሻጩ የባሕሩን ኪራይ እስከ በርበራ ይከፍላል፤ መድን የለበትም።
ሲ.አይ.ኤፍ. – እንደ ላይኛው ሆኖ ሻጩ መድንም ይገዛል።
ዲ.ኤ.ፒ. – ሻጩ እስከ ተባለው ቦታ ያደርሳል፤ ቀረጡ የገዢው ነው።
ዲ.ዲ.ፒ. – ቀረጡንም ጨምሮ ሻጩ ይችላል።

ከእነዚህ ውስጥ በጣም የሚያሳስተው ሲ.አይ.ኤፍ. ነው። “እስከ በርበራ ተከፍሏል” ስለሚል ሰው ኃላፊነቱም እስከ በርበራ የሻጩ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ኪራዩን የሚከፍለው ሻጩ ቢሆንም የጉዳቱ ኃላፊነት ወደ ገዢው የሚዞረው ዕቃው መነሻው ወደብ ላይ መርከብ ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ሻጩ የሚገዛውም መድን ደንቡ የሚጠይቀው ዝቅተኛውን ሽፋን ብቻ ነው። በርበራ ላይ የሚከፈለው የማራገፊያና የሰነድ ወጪም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ውጪ ነው።

ከምልክቱ ቀጥሎ የቦታ ስም መኖሩንም እዩ። “ዲ.ኤ.ፒ. በርበራ” እና “ዲ.ኤ.ፒ. ሐርጌሳ” በመካከላቸው 160 ኪሎ ሜትር አለ።

መድን ለምን?

ትንሽ ዕቃ ላለው ሰው መድን የባለጸጋ ነገር ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቨን የተባለችው ግዙፍ መርከብ ስዌዝ ቦይ ውስጥ ተቀርቅራ ስድስት ቀን መንገዱን ዘግታ ነበር። ከተለቀቀች በኋላ የመርከቧ ባለቤት ጥንታዊውን የባሕር ሕግ ጠቀሰ። ይህ ሕግ መርከብንና ጭነትን ለማዳን የወጣውን ወጪ በመርከቧ ላይ ዕቃ ያላቸው ሁሉ እንደ ዕቃቸው ዋጋ ይካፈሉ ይላል። መድን የነበረው ሰው መድን ሰጪው ዋስትና ገባለት። መድን ያልነበረው ግን ዕቃው ምንም ሳይነካ እንኳ ለመረከብ ከኪሱ መያዣ ማስያዝ ነበረበት። ይህ ሕግ አሥር ቦንዳ ጨርቅ ያለውንም ሰው ይመለከታል።

በኛም ባሕር ቢሆን ነገሩ የተረጋጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት መድረሱን ተከትሎ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ የጦርነት አደጋ የመድን ዋጋም ናረ። እንዲህ ያለ ጊዜ በፕሮፎርማ ላይ “የጦርነት ስጋት ጭማሪ”፣ “የነዳጅ ጭማሪ” የሚሉ መስመሮች ይታያሉ። ጭማሪ መኖሩ በራሱ ማታለል አይደለም። መጠየቅ ያለበት ግን ጭማሪው ዛሬ በተነገረው ዋጋ ውስጥ አለ ወይስ በኋላ ይመጣል? የሚለው ነው። ዋጋው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸናም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

የእንጨት ጀልባ፣ አውሮፕላን፣ የጋራ ኮንቴይነር

ከዱባይና ከሻርጃ የሚነሱት የእንጨት ጀልባዎች ከጥንት ጀምሮ የዚህ ባሕር ዳርቻ አገልጋዮች ናቸው። ጥቅማቸው ቅልጥፍናቸው ነው፤ ትንሽም ትልቅም ዕቃ ይጭናሉ። ጉዳታቸው ዕቃው ለውሃና ለፀሐይ መጋለጡ፣ የመነሻ ቀናቸውም ጭነት እስኪሞላ መጠበቁ ነው። ከዚህም ሌላ በበጋው ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት የፈረንጆች ወራት ደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጠው የጀልባ ጉዞ ይቀንሳል። በእነዚህ ወራት የጀልባ ዋጋ የሚነገረው ሰው የመድረሻውን ቀን ጠበቅ አድርጎ ይጠይቅ። ጨርቅ የሚጭን ሰው በላስቲክ የተጠቀለለ ቦንዳ እንዲሆን ያድርግ።

አውሮፕላን ለከባድ ዕቃ አይሆንም። በምሳሌያችን ላይ በኪሎ 3 ዶላር ብቻ ቢባል እንኳ 880 ኪሎው 2,640 ዶላር ይፈጃል። ለመርፌ፣ ለዚፕ፣ ለቁልፍ፣ ሥራ ላቆመ የስፌት መኪና መለዋወጫ ግን አውሮፕላኑ ይሻላል፤ መኪናው ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቀንም ወጪ ነውና።

ለአብዛኞቻችን የሚስማማው የጋራ ኮንቴይነር ነው። እዚህ ላይ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው ተረት ይሠራል። ብዙ ድርጅቶች ከ1 ሜትር ኪዩብ በታች ያለውንም እንደ 1 ሜትር ኪዩብ ያስከፍላሉ። የሰነዱና የትራንዚተሩ ክፍያም ዕቃው ቢያንስ ቢበዛ ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ የልብስ ሰፊዎቹና የፀጉር ሠሪዎቹ ዕቃ በአንድ ሰነድ ቢመጣ ቋሚው ወጪ ይከፋፈላል። ነገር ግን የአንዱ ዕቃ በጉምሩክ ቢያዝ የሁሉም ይያዛልና ማን ምን እንደሚጭን አስቀድሞ ይታወቅ።

ከጅግጅጋ በኩል በቶጎ ውጫሌ ለሚመጣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና የአገር ልብስም ስሌቱ ያው ነው። ዋጋው በኩንታል ይነገር ይሆናል፤ ጥያቄው ግን አይለወጥም። ኬላውን፣ ወዛደሩን፣ ድንበር ላይ ከመኪና ወደ መኪና ማዛወሩን ማን ይከፍላል?

ወጪውን ወደ መሸጫ ዋጋ መመለስ

የማወዳደር መጨረሻው ድምር ማግኘት ብቻ አይደለም። ስድስቱ ሴቶች ሁለተኛውን ድርጅት መረጡ፣ ዕቃውም በጊዜው ወጣ እንበል። ጨርቁ ከ3.08 ሜትር ኪዩብ ውስጥ 2ቱን ስለያዘ ከ603.80 ዶላሩ 392.08 የእርሱ ድርሻ ነው። በአሥሩ ቦንዳ ውስጥ 2,000 ሜትር ጨርቅ ካለ በሜትር 20 ሳንቲም ግድም ይደርሳል። 3 ሜትር ለሚፈጅ ቀሚስ የማጓጓዣው ወጪ 60 ሳንቲም ያህል ነው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ድርጅት ቢመርጡ ኖሮ 72 ሳንቲም ይሆን ነበር።

ይህን የጨርቁን መግዣና ቀረጡን ጨምረን ከሐርጌሳ ገበያ ዋጋ ጋር እናስተያይ። ገበያው ላይ ያው ጨርቅ በዚህ ዋጋ ወይም ባነሰ የሚገኝ ከሆነ ማስመጣቱ ቀርቶ ገንዘቡ ለሌላ ሥራ ይዋል። “አይሆንም” የሚል ስሌትም ጥሩ ስሌት ነው።

በደብተራችሁ ላይ የሚገለበጡ ጥያቄዎች

ከሦስት ድርጅቶች ያላነሰ ጠይቁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ፓኪንግ ሊስት ስጡ፤ የተለያየ ከሰጣችሁ መልሱ አይወዳደርም። ለሁሉም እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፦

1. ዋጋው ከየት እስከ የት ነው?
2. የሚሰላው በስፋት ነው ወይስ በክብደት? ትንሹ ክፍያ ስንት ነው?
3. በዚህ ዋጋ ውስጥ የሌለው ምንድን ነው?
4. የበርበራ ወደብና የሰነድ ክፍያ በማን ነው?
5. ነፃው ቀን ስንት ነው? ከዚያ በኋላ በቀን ስንት?
6. ዕቃው መቼ ይነሳል? መቼ ይደርሳል?
7. መድን አለው? እስከ ስንት ይሸፍናል?
8. ተቀባዩ በሰነዱ ላይ ማን ተብሎ ይጻፋል?
9. ዋጋው በዶላር ነው ወይስ በሽልንግ? እስከ መቼ ይጸናል?
10. ዕቃ ቢጎድል ወይም ቢሰበር ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ ይነገራል?

ከእነዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ መያዝ የሚችል ሰው ሦስተኛዋን ይያዝ። “ምን ያልተካተተ አለ?” ተብሎ የተጠየቀ ሐቀኛ ድርጅት ሳይከፋው ይዘረዝራል። “አታስቡ፣ በኋላ እንነጋገራለን” የሚል መልስ ከተሰጣችሁ ግን በኋላ የምትነጋገሩት ዕቃችሁ በእርሱ እጅ ሆኖ መሆኑን አስቡ።

ወረቀቱ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። ማንበብ አለመቻል አያሳፍርም፤ ሳያስነብቡ መፈረም ግን ያስከፍላል።

የኅብረት መዋጮ የብዙ ወራት ድካም ነው። አባቶች “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ” ያሉት ለወጥ ብቻ አይደለም። እርሳስና ደብተር ይዞ አንድ ማታ መቀመጥ ከአሥር ቀን የመጋዘን ኪራይ ይረክሳል።